ኢቺ ያልነው ልጅ

ሁለት የመኝታ አንሶላ በወፍራም ክር ተሰፍቶ በምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተወጥሯል። ስፌቱ መሃል ለመሃል ስለሚወርድ የፊልሙ ሰዎች ፊት እዚያ ሲደርስ ለሁለት ይከፈል ነበር። ዘመኑ 1972 ዓ.ም. ነው። ቦታው ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት፣ ከኑዌቫ ሄሮና ከተማ ወጣ ብሎ በእርሻ መሃል ከተተከሉት አዳሪ ትምህርት ቤቶች አንዱ። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። አባቴ ኦጋዴን ላይ ከወደቀ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከታጠቅ የጦር ሰፈር ተሰብስበን ባሕር የተሻገርነው ልጆች የአብዛኞቻችን ታሪክ ያው ነበር፤ ስለዚህ ማንም ማንንም «አባትህስ?» ብሎ አይጠይቅም።

ፊልም የጫነው መኪና የመጣው አመሻሹ ላይ ነው። ከአብዮቱ ወዲህ ኩባ ሲኒማ ቤት ወደሌለበት ገጠር ማሽንና ፊልም በመኪና ጭና መላክ ልማዷ ነበር። ሰውየው ማሽኑን የምግብ ጠረጴዛ ላይ አቆመ፤ መብራት ጠፋ፤ ማሽኑ እንደ ሲንጀር መኪና ቀጭ ቀጭ ማለት ጀመረ። አንሶላው ላይ ፀጉሩን አሳጥሮ የተቆረጠ፣ ደንደን ያለ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው በትሩን እየነካካ ብቅ አለ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ንግግሩ ጃፓንኛ፤ ከግርጌ የሚጻፈው ስፓኝኛ። ስፓኝኛ ከጀመርን ገና ወራት ስለነበር ከአንድ መስመር አንዲት ቃል እንለቅምና የቀረውን በግምት እንሞላው ነበር።

ያኔ ያላወቅሁት ነገር፣ ይህን ሰው መላው ኩባ እንደ ዘመድ የሚያውቀው መሆኑን ነው። አሜሪካ ማዕቀብ ጥላ የሆሊውድ ፊልም ሲቋረጥ የኩባ ሲኒማ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ሌላው ዓለም አዞሩ፤ ከጃፓን ከመጣው ሁሉ ሕዝቡ ልቡን የሰጠው ለዛቶኢቺ ሆነ። ኩባዎች አሳጥረው ኢቺ ነው የሚሉት። «ኤል ማሳሂስታ ሲዬጎ» ብለው ሲጠሩትም ሰምቻለሁ፤ ዓይነ ስውሩ ማሳጅ አድራጊ ማለት ነው። በእኛ አፍ ወጌሻው ቢባል ይቀርበዋል፤ የደከመ ትከሻና ወገብ እያሸ የሚያድር መንገደኛ ነውና። የወጥ ቤታችን አዛውንት ሴትዮ እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ከበሩ ላይ ቆመው አዩት። ኢቺ ገና በትሩን ሲነካ «አሁን ተመልከቱ» ይሉን ነበር። እሳቸው ስንት ጊዜ እንዳዩት እንጃ።

አንዲት ትዕይንት አለች፤ እሷ ላይ ልቆይ።

ኢቺ አንድ የቁማርተኞች አለቃ ቤት በእንግድነት ይመጣል። የአለቃው ጭፍሮች ቁማር ይዘዋል። ጨዋታው ቀላል ነው። ሁለት ዳዶ፣ ያቺ ባለ ስድስት ገጽ ነጠብጣብ የቁማር ጠጠር፣ በተጠለፈች ኩባያ ውስጥ ተንቀጫቅጮ ምንጣፍ ላይ ይደፋል። ኩባያዋ ሳትነሣ እያንዳንዱ ሰው ድምሩን «ሙሉ» ወይም «ጎዶሎ» ብሎ ገንዘቡን ያስይዛል። ኢቺ እኔ ልጣል ይላል። ይጥላል፤ ግን ዳዶዎቹ ከኩባያዋ ሥር መሆናቸው ቀርቶ ከጎኗ በግላጭ ተቀምጠው ይታያሉ። አያይምና አላወቀም። ቁማርተኞቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ማንም «ወንድም፣ ወጥቶብሃል» የሚለው የለም። የሚያዩትን ድምር ይጠሩና ያላቸውን ሁሉ ይደረድራሉ። እኛም አንሶላው ፊት መሬት ላይ የተቀመጥነው ልጆች ከእነሱ ጋር ሳቅን፤ በልባችንም ከእነሱ ጋር አስያዝን። ገንዘቡ ሁሉ ምንጣፉ ላይ ሲወርድ ኢቺ እጁን ሰደድ አድርጎ እነዚያን ዳዶዎች ይለቅማል። እነዚህማ ከእጅጌዬ የወደቁ ናቸው ብሎ ወደ እጅጌው ይመልሳቸዋል። ከዚያ ኩባያዋን ያነሣል። እውነተኞቹ ከሥሯ ቁጭ ብለዋል።

አዳራሹ በጩኸት ተናጋ። ሴትዮዋ አጨበጨቡ። ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ብቻ ዝም አለ። በክርኔ ጎሸም አድርጌ «አላየህም እንዴ?» አልኩት።

«ምኑን?» አለኝ።

መልስ ሳልሰጠው ወደ አንሶላው ዞርኩ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በግቢው ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት ሁሉ ሰይፍ ሆነ። የኢቺ ሰይፍ በትሩ ውስጥ የተደበቀ ነው፤ አፎቱም እጀታውም ተራ ምርኩዝ ይመስላል። ሲመዘው ደግሞ እንደሌላው ሰይፈኛ አይይዘውም፤ ስለቱ ወደ ታች እንዲሆን እንደ ጩቤ ገልብጦ ይጨብጠዋል። ያንን አያያዝ ለመልመድ መዳፋችን እስኪላጥ ተለማመድን። ዓይናችንን በፎጣ እናስርና አራት ልጆች ይከቡናል፤ ከዚያ ዞር ብሎ መምታት ነው። ፎጣው ሥር ደግሞ ሁላችንም አጮልቀን እናይ ነበር። ኢቺ ለመሆን የማይጣላ ልጅ አልነበረም።

ያ «ምኑን?» ያለኝ ልጅ ግን አይጣላም። የወሎ ልጅ ነው። ከሕፃንነቱ ማዝ የያዘው አንድ ዓይኑ ነጭ ለብሷል፤ ሌላውም እየደከመ ነበር። የደሴቲቱ ፀሐይ ሲበረታ ሁለቱንም ጨፍኖ በእጁ ጥላ ይሠራል። የኩባ ሐኪሞች ብዙ ደክመውለታል፤ ጠብታ አንጠባጥበዋል፣ መነጽር ቀያይረዋል። እና አንድ ቀን ከሰልፍ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ሲሄድ አንደኛችን «ኢቺ መጣ!» አለ። አንደኛችን የምለው ራሴን ነው። ስሙ ያዘ። ከአንድ ሳምንት በኋላ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቅ የጠፋ እስኪመስል ድረስ መምህራኑም ኢቺ አሉት። እኛ ክብር የሰጠነው መስሎን ነበር። ከጀግኖች ሁሉ የምንወደውን ጀግና ስም ነው የሰጠነው፤ ምን ይጎድልበታል? ብለን።

ኢቺ የሚለው ስም ሲገኝ የቀረው ስም ደግሞ «ዕውሩ» ነበር። ያኔ ቃሉ በማንም ጆሮ አይከብድም፤ ዛሬ ልጆቼ ፊት ብናገረው ያርሙኛል፣ ዓይነ ስውር በል ይሉኛል። በጃፓንም እንደዚሁ ሆኗል። በእነዚያ አሮጌ ፊልሞች ውስጥ ጠላቶቹ ኢቺን በየደቂቃው የሚሰድቡበት «መኩራ» የሚለው ቃል ዛሬ የጃፓን ጣቢያዎች በአየር ላይ እንዳይውል የሚጠነቀቁበት ነው። ቃሉን መተዋችን ደግ ነው። ቃሉን ትተን ያስቀረነው ነገር ግን አለ፤ እመለስበታለሁ።

በደሴቲቱ ኑሯችን ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን እርሻ ነበር። ቶሮንሃ እንለቅማለን፤ ከብርቱካን የሚገዝፍ፣ ምሬት ያለው ፍሬ ነው። ከዛፉ ሲቀነጠስ እጅ ላይ የሚቀር ዘይት አለው፤ ሽታው እስከ ማታ አይለቅም። ለእያንዳንዱ ልጅ መሙላት ያለበት ሳጥን ይቆጠርለታል። ኢቺ ቀርፋፋ አልነበረም። ፍሬውን በዓይኑ ከመፈለግ ይልቅ ቅርንጫፉን ይዞ ክብደቱን ይመዝናል፤ ጎንበስ ያለው ቅርንጫፍ ፍሬ አለው ይል ነበር። የእኔ ሳጥን ሲጎድል ከእሱ ሳጥን እወስዳለሁ። ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት። እሱ ዛፉ ማዶ ነው፤ እኔ ሣሩ ላይ በርከክ ብዬ ቀስ አድርጌ ነው። ሰልፍ ላይ የእሱ ሳጥን ሲጎድል ተቆጣጣሪው ይገሥጸዋል፤ እሱም ዝም ይላል። እኔም ዝም።

ይህን ለማንም ሳልናገር አርባ አምስት ዓመት ኖርኩ።

ከኩባ የተመለስኩት ቀያሽ ሆኜ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ በሌላው በመለኪያው መነጽር እያየሁ መንገድ ቀይሻለሁ፣ የቤት ቦታ ለክቻለሁ። እንጀራዬ ዓይኔ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት ሐኪሙ «ግላኮማ ነው» አለኝ። ግላኮማ ዓይንን ከዳር ነው የሚበላው። መሃሉ ጥርት ብሎ ይታያል፤ ዳር ዳሩ ሳይነግርህ ይጠፋል። የቀኝ ጎኔ ቀድሞ ሄደ። ከቀኜ የሚመጣ ሰው አሁን ለእኔ ድንገት ከምድር የበቀለ ነው።

ባለፈው ዓመት ለአንድ ጉዳይ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ልጄ ክንዴን ይዛለች። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ወጣት ትሑት ናት፤ ድምፅዋም ለስላሳ ነው። እኔ ፊት ለፊቷ ቆሜ፣ ወረቀቴን በእጄ ይዤ፣ ልጄን «አባትሽ መፈረም ይችላሉ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጄ ወደ እኔ ዞረች። «ይችላል» ብዬ ስለ ራሴ እንደ ሌላ ሰው መለስኩ። ልጅቷ ክፉ አይደለችም። ከፈረምኩም በኋላ «እግዜር ይማራቸው» አለቻት፤ ለልጄ። ቃሉን ትተን ያስቀረነው ነገር ያልኩት ይህ ነው።

ያን ማታ እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ያ አንሶላ ትዝ አለኝ። ጠዋት ልጄን «አንድ የጃፓን ፊልም ትፈልጊልኛለሽ?» አልኳት። ሰዓት ሳይሞላ አገኘችው። ስለ ሰውየውም የተጻፈውን አንብቢልኝ አልኳት፤ ብዙ ማታዎች ፈጀን።

ኢቺ የተወለደው በጣም ጠባብ ቦታ ላይ ነው። ሺሞዛዋ ካን የሚባል ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1948 ባወጣት ጥቂት ገጽ ያላት ጽሑፍ ውስጥ፣ ኢዮካ ሱኬጎሮ የተባለ የቁማርተኞች አለቃ ዘንድ ስለነበረ አንድ ዓይነ ስውር ይተርካል። አለቃው በእውነት የነበረ ሰው ነው፤ በ1844 በቶኔ ወንዝ ዳር ከባላንጣው ከሳሳጋዋ ሺጌዞ ጭፍሮች ጋር ያደረገው ውጊያ በጃፓን በተረትም በዜማም ሲነገር የኖረ ነው። ከዚያች ጽሑፍ ዳይኢ የተባለው ኩባንያ በ1962 ፊልም አወጣ። አዘጋጁ ሚሱሚ ኬንጂ፣ ሙዚቃውን የሠራው የጎድዚላውን ሙዚቃ የደረሰው ኢፉኩቤ አኪራ። ኢቺን ሆኖ የተጫወተው ካትሱ ሺንታሮ ነው። እስከ 1973 ሃያ አምስት ፊልም፣ ከዚያ በቴሌቪዥን መቶ ክፍል፣ በመጨረሻም በ1989 ራሱ ያዘጋጀው ሃያ ስድስተኛው ፊልም። በዚያ በመጨረሻው ቀረጻ ላይ እውነተኛ ሰይፍ ገብቶ አንድ ተዋናይ ሞቷል። ልጄ ይህን ስታነብልኝ የመጥረጊያ እንጨቶቻችን ትዝ አሉኝ፤ ዓይን ያልጠፋው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው።

ስለ ካትሱ ካነበበችልኝ ሁሉ ልቤ ላይ የቀረው ግን ሌላ ነው። አባቱ የሻሚሰን መምህር ነበሩ፤ ሻሚሰን ባለ ሦስት ክር የጃፓን መሣሪያ ነው። እሱም ተዋናይ ከመሆኑ በፊት ያንኑ ተምሮ ይጫወት ነበር። አሁን ፊልሙን ደግሜ ሳየው ገባኝ። ኢቺ ሲያዳምጥ አንገቱን የሚሰብርባት መንገድ አለች፤ ጆሮውን ወደ ድምፁ ሰጥቶ አገጩን ወደ ሌላ ያዞራል። የሚያዳምጥ ሰው መስሎ መጫወት አይደለም፤ ክር ሲቃና ልዩነቱን በጆሮው ሲፈልግ ያደገ ሰው አንገት ነው። ልጅ ሳለሁ ሰይፉን ብቻ ነበር ያየሁት። ሰይፉ ከአፎቱ የሚወጣው ለአንዲት ቅጽበት ነው፤ የቀረውን ሰዓት ሁሉ ሰውየው የሚያደርገው ማዳመጥ ነው።

ስሙንም ያኔ አላወቅነውም። «ዛቶ» ማዕረግ ነው። በዚያ ዘመን ጃፓን የዓይነ ስውራን ወንዶች ማኅበር ነበራት፤ መንግሥት ያወቀው፣ ሙዚቃና ማሳጅ እንጀራቸው የሆነ። ከላይ ኬንግዮ፣ ቀጥሎ ቤቶ፣ ኮቶ፣ ከሁሉ ታች ዛቶ። ኢቺ እንግዲህ የመጨረሻውን ደረጃ ከስሙ ጋር አጣብቆ የሚሄድ ሰው ነው። የሜይጂ መንግሥት ማኅበሩን በ1871 አፈረሰው። ግን ከዚያ ማኅበር የወጡ ሰዎች ነበሩ። ሱጊያማ ዋኢቺ በአሥራ ሰባተኛው መቶ ዓመት መርፌ በቀጭን ቱቦ ውስጥ አሳልፎ ሰውነት ውስጥ የማስገባትን ብልሃት ያስተማረ ዓይነ ስውር ነው፤ ዛሬም በጃፓን የመርፌ ሕክምና የሚሠራበት መንገድ ነው። ሃናዋ ሆኪኢቺ ደግሞ በልጅነቱ ዓይኑ የጠፋ፣ ሌሎች ሲያነቡለት በቃሉ እየያዘ ከ1,200 በላይ ጥንታዊ ጽሑፎችን ሰብስቦ ያሳተመ ሊቅ ነው። ስለ እሱ የሚነገር አንድ ወግ አለ። ማታ ሲያስተምር ነፋስ መብራቱን ያጠፋዋል። ደቀ መዛሙርቱ ይደናገጣሉ፤ መምህር ጥቂት ይታገሡን፣ መብራት ጠፋ ይሉታል። እሱ ትምህርቱን ሳያቋርጥ ስቆ፣ ዓይን ያላቸው ሰዎች እንዴት ይቸገራሉ አለ ይባላል። በቃሉ ቅኔ የሚዘርፍ ዓይነ ስውር የኔታ የሚያውቅ የእኛ ሰው ይህን ወግ ለማመን አይቸገርም።

ሌሎቹንም የኢቺ ፊልሞች አየን። በ1971 ከወጣው አንዱ ላይ ኢቺ አንድ እጁ ከተቆረጠ ቻይናዊ ሰይፈኛ ጋር ይገናኛል። ሁለቱም ደጎች ናቸው፤ ሁለቱም አንድ ወላጅ አልባ ሕፃን ለማትረፍ ይደክማሉ። ግን አንዱ የአንዱን ቋንቋ አያውቅም፣ ክፉ ሰዎችም በመሃል ይገባሉ፤ መጨረሻቸው እርስ በርስ መጋደል ይሆናል። ከሃያ አገር የመጡ ልጆች በአንድ እርሻ ላይ ተበትነው፣ በምልክትና በተሰባበረ ስፓኝኛ ሲጣሉና ሲታረቁ ላደግነው ይህ ፊልም ከሁሉ ይቀርበናል። ያኔ ሳላየው በመቅረቴ አዘንኩ። ኪታኖ ታኬሺ በ2003 የሠራው በቬኒስ ለአዘጋጁ የብር አንበሳ ያስገኘ ነው። ያምራል፤ የገበሬው መቆፈሪያ ሳይቀር በምት ይደንሳል። ኢቺ በመጨረሻ ዓይኑን ሲከፍት ግን አልወደድኩለትም። ልጄ «ለምን አባዬ?» አለችኝ። የተከፈተው ዓይን የእኔን ሰው ወሰደብኝ አልኳት።

የመጀመሪያው ፊልም ላይ፣ በልጅነቴ ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ የወጣሁበት አንድ ረጅም ቦታ አለ። ኢቺ ኩሬ ዳር ዓሣ ሊያጠምድ ይቀመጣል፤ አጠገቡ ሂራቴ ሚኪ የሚባል፣ ሳንባውን ነቀርሳ የበላው ሰይፈኛ። ሁለት ብቸኛ ሰዎች ናቸው። ወዳጆች ይሆናሉ። ከዚያ አንዱ ለአንዱ አለቃ፣ ሌላው ለባላንጣው ተቀጥረው ድልድይ ላይ ይገናኛሉ። ሂራቴ ደም እየተፋ ከሚሞት በወዳጁ ሰይፍ መሞትን መርጧል። ልጅ ሳለን ከዚህ ትግል በኋላ አጨብጭበናል። አሁን ኢቺ የወዳጁን ሬሳ ደግፎ ሲያለቅስ፣ አለቃው ደግሞ የድል ግብዣ ሲጠራ ሳይ እጄ ከጉልበቴ ላይ አልተነሣም።

የቀድሞ የኩባ ተማሪዎች የቴሌግራም ቡድን አለን። እዚያ ላይ ልጄ በእኔ ስም ጻፈች፤ ኢቺ የምንለው ልጅ የት እንዳለ የሚያውቅ አለ? ሁለት ቀን ሳይሞላ ከማድሪድ አንዱ ስልክ ላከ። ደሴ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። ቀሪው ዓይኑ አርባ ዓመት ሳይሞላው ጠፍቷል።

ደወልኩ። «ማን ልበል?» አለ። ድምፁ እንደ መምህር የረጋ ነው።

«ኢቺ» አልኩት። ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም።

ዝም አለ። ከበስተጀርባው ቡና ሲወቀጥ ይሰማኛል። «አንተ ነህ» አለኝ በመጨረሻ፤ ስሜን እስከ አባቴ ጠራው። «ድምፅህ ወፍሯል። ትንፋሽህ ግን ያው ነው፤ ሳትናገር በፊት በአፍንጫህ ትስባለህ።»

ስለ ልጆች ተጠያየቅን፤ ስለ ሞቱት ተጠያየቅን። ስለ ዓይኔ ነገርኩት። አይዞህ አላለኝም። የትኛው ጎን ቀድሞ እንደሄደ፣ ደረጃ ስወርድ እንዴት እንደማደርግ፣ ቤት ውስጥ ወንበር የሚያንቀሳቅስብኝ ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። «ሰዎቹን ንገራቸው» አለኝ፤ «ወንበር ከተነሣበት ይመለስ በላቸው። ቤትህን አውቀህ ትይዛለህ፤ ቀላል ነው።» ከዚያ ፊልሙን ደግሜ እንዳየሁት ነገርኩት።

«እኔ አላየሁትማ» አለ።

«አብረን አይደል ያየነው? ከጎኔ ነበርክ።»

«ከጎንህ ነበርኩ። አንሶላው ነጭ ነበር ለእኔ። ሰው ሲያልፍ ጥላ ነገር አያለሁ፤ በቃ። ከሥር የተጻፈውን ማን ያነብልኛል? ሁላችሁም አፍ ከፍታችሁ ታያላችሁ። እኔ የሰማሁት በትሩን፣ እግሩን፣ የዝናቡን ድምፅ ነው። ሌላውን እናንተ ማታ አልጋ ላይ ስትተርኩ ነው ያወቅሁት። ያቺ የዳዶ ነገር ደግሞ፣ ሁላችሁ ስትጮኹ ምን እንደሆነ ጨርሶ አልገባኝም ነበር።»

«ለምን?»

«ምን ያስደንቀኛል? ዳዶ ኩባያ ውስጥ ገብቶ ተንቀጫቀጨ፣ ተደፋ። ከውጭ የወደቀ ነገር እኔ አላየሁም። እናንተ ናችሁ ያያችሁት።»

ስልኩን ከጆሮዬ አንሥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት፤ መልሼ አነሣሁት። አርባ አምስት ዓመት የያዝኩት ነገር ያኔ ወጣ። ስለ ቶሮንሃው ነገርኩት። ስንት እንደነበር፣ እንዴት በርከክ እንደምል፣ ሲገሥጹት እንዴት ዝም እንዳልኩ።

«አውቃለሁ» አለኝ። ቁጣ የለበትም። «ቶሮንሃ ቶሮንሃ ላይ ሲያርፍ ድምፅ አለው፤ ከሳጥን ሲወጣ ደግሞ ሌላ ድምፅ አለው። የአንተ ጫማ ደግሞ ግራው ይንጫጫ ነበር። ሁልጊዜ እሰማህ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?»

«ሰው ሳጥኔ ጋ ሲመጣ አንተ ብቻ ነበርክ የምትመጣው» አለ። «ሌላው ስሜን ጠርቶ ያልፋል። ኢቺ፣ ኢቺ ይላል፤ ይስቃል፤ ይሄዳል። አንተ ስትሰርቅም ቢሆን ትንሽ ትቆያለህ። እንደምትወስድ አውቄ አንዳንዴ ሁለት ጨምሬ ከላይ አስቀምጥልህ ነበር።»

መናገር አቃተኝ። እሱም ጊዜ ሰጠኝ። ቡናው ፈልቶ አንዲት ሴትዮ «መምህር፣ ይጠጡ እንጂ» ሲሉት ሰማሁ። ሲኒ ተቀመጠ።

«ስምህን ግን አልወደድከውም ነበር» አልኩት።

«እናቴ ያወጣችልኝን ስም ነው የምወደው» አለኝ። «እስኪ ጥራኝ።»

ጠራሁት። እዚህ ላይ አልጽፈውም፤ የእሱ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ አስደገመኝ፤ መሃሉን አላጠበቅከውም ብሎ አረመኝ።

ከዚያ በየሳምንቱ እሁድ እንደዋወላለን። ባለፈው እሁድ ልጄ ፊልሙን ከፍታ ስልኩን ከድምፅ ማጉያው አጠገብ አደረገችው። ከመጀመሪያው ጀምሮ አብረን ሰማን። ጃፓንኛውን ሁለታችንም አናውቀውም፤ ልጄ ከሥር የሚጻፈውን በአማርኛ ቀስ እያለች ትነግረናለች። እሱ ደግሞ እኔ የማላውቀውን ይነግረኛል፤ አሁን የገባው ሰው ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው፣ አሁን ያለቀሰው ወጣት ነው፣ ይህ ቤት ወለሉ እንጨት ነው ይለኛል። ቁማርተኞቹ ቤት ደረስን። ሳቃቸው ተሰማ። ልጄ ስክሪኑ ላይ የምታየውን ልትነግረን አፏን ከፈተች።

«ቆይ የኔ ልጅ፣ ይህቺን አትንገሪን» አላት ከደሴ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ መዞሩ በድምፁ ይታወቃል። «አንተም ጨፍን።»

ጨፈንኩ። ዳዶው ኩባያዋ ውስጥ መንቀጫቀጭ ጀመረ።